አባቴ የሚወጋው አዲስ የፔት መድኃኒት በአይጥ ብቻ ተፈትኗል፤ ይህ ይበቃል?

ጉና
ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚ ነው፤ የምንኖረው አሜሪካ ነው። ሐኪሙ ገና ያልጸደቀ የፔት ምርመራ (ጨረር የሚያመነጭ ነገር ተወግቶ የሰውነት ውስጥ ምስል የሚነሣበት) መድኃኒት በሚሞከርበት ጥናት ውስጥ ይገባ እንደሆነ ጠይቆታል። የስምምነት ቅጹን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብለት አንድ አንቀጽ ላይ ቆምኩ። ውህዱ በአንድ የእንስሳ ዝርያ፣ ማለትም በአይጥ፣ አንድ ጊዜ ተወግቶ ለሁለት ሳምንት ክትትል ተደርጓል ይላል። የመርዛማነት ጥናቱ ይኸው ብቻ ነው።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ እንጂ ስለ መድኃኒት አላውቅም። ሆኖም ተራ የደም ግፊት ክኒን እንኳ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በሁለት ዓይነት እንስሳ ለወራት እንደሚፈተን አንብቤአለሁ። ጨረር የሚያመነጭ ነገር ከክኒን ያነሰ ፈተና እንዴት ይበቃዋል? ይህን ቅናሽ የሰጠው ማነው? አባቴ «ሐኪሙ ካለ ይሁን» ባይ ነው። እኔ ግን ሳልጠይቅ እንዲፈርም አልፈልግም።

ጣና
ወንድም ጉና፣ የመርዛማነት ጥናት እንጀራዬ ነው፤ የምታነበውን ዓይነት ጥናትም ሠርቻለሁ። ቅናሽ ያልከው ነገር በእርግጥ አለ፤ በይፋ በመመሪያ የተጻፈ ነው።

በጨረር አመንጪ መድኃኒት ውስጥ ሁለት ጉዳዮች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው ውህዱ ነው፤ እንደ ማንኛውም ኬሚካል ጉበት ወይም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ጨረሩ ነው። የሚመረመሩበት መንገድ ለየቅል ሲሆን አንተ ያነበብከው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ውህዱ ብቻ ነው።

አሁን መጠኑን እናስላው፤ የሒሳብ ሰው ስለሆንክ ደስ ይልሃል። ለፔት ከሚውሉት ጨረር አመንጪዎች አንዱ ጋሊየም 68 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 68 ደቂቃ ነው። ለአንድ ምርመራ 185 ሜጋቤክረል (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ተወጋ ብንል፣ ያን ያህል ጨረር የሚሰጠው ጋሊየም ቢመዘን ከናኖግራም ሩብ እንኳ አይሞላም። ጋሊየሙን ተሸክሞ ወደ ዕጢው የሚያደርሰው ሞለኪውል ደግሞ በማይክሮግራም የሚቆጠር ነው። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን 500 ሚሊግራም ነው፤ 100 ማይክሮግራም የዚያ አምስት ሺኛ እጅ ነው።

የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች መመሪያቸውን የሚያጣጥሙበት አይሲኤች የተባለው ዓለም አቀፍ አካል እ.ኤ.አ. በ2009 ኤም3 በተሰኘው መመሪያው ለዚህ የተለየ መንገድ አስቀምጧል። ስሙም ማይክሮዶዝ ነው። ለሰው የሚሰጠው ጠቅላላ ውህድ ከ100 ማይክሮግራም የማይበልጥ፣ ደግሞም በሰውነት ላይ ለውጥ ማምጣት ከሚጀምርበት መጠን አንድ መቶኛ ያልዘለለ ከሆነ፣ በአንድ ዝርያ የሚደረግ የአንድ ጊዜ ጥናት ይበቃል። ነገር ግን አይጦቹ የሚወጉት የአባትህን መጠን አይደለም። በደም ሥር ለሚሰጥ ውህድ ከፍተኛው መጠን በኪሎ ሲሰላ እስከ 1000 እጥፍ ይሄዳል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 100 ማይክሮግራም ማለት በኪሎ 1.4 ማይክሮግራም ነው፤ ለአይጡ በኪሎ 1.4 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። በየቡድኑ 10 ወንድና 10 ሴት አይጦች በማግስቱ ተገድለው ደማቸውና የአካል ክፍሎቻቸው ይመረመራሉ፤ ሌሎች ደግሞ 14 ቀን ይቆያሉ። የሚቆዩት ዘግይቶ የሚወጣ ጉዳት ካለ፣ ወይም የመጀመሪያው ቀን ጉዳት ከዳነ እንዲታይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል። አይጦቹ የሚወጉት ጨረር የሌለውን ቅጂ ነው። በጋሊየም 68 ቦታ ተራው የተፈጥሮ ጋሊየም፣ በፍሎራይን 18 ቦታ ፍሎራይን 19 ይገባል። በኬሚስትሪ ልዩነት የላቸውም። ይህ ባይሆን ጉበቱ ላይ ጉዳት ብናይ ውህዱ አደረሰው ወይስ ጨረሩ ብለን መለየት አንችልም ነበር።

ዝዋይ
ይቅርታ እኅት ጣና፣ ይህማ ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃው ሰው አይገድልም እንደ ማለት ነው። ሰው የሚፈራው ጨረሩን፣ የተፈተነው ጨረር የሌለው! ለመሆኑ ጨረሩን የፈተነው ማነው?

ጣና
ለዝዋይ፦ ቁጣህ ይገባኛል፤ ግን የጨረር ጉዳት እንደ አዲስ ኬሚካል ጉዳት ያልታወቀ ነገር አይደለም። አዲስ ሞለኪውል ጉበት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ መፈተን አለበት። የጋሊየም 68 ጨረር ግን በየትኛውም ሞለኪውል ላይ ቢሰካ ኃይሉ ያው ነው። የማይታወቀው የት ሄዶ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ነው። ስለዚህ ጨረር ያለው ውህድ ለሌሎች አይጦች ይሰጣል፤ በተለያየ ሰዓት የእያንዳንዱ የአካል ክፍል ጨረር ይለካል፤ ከዚያ ለሰው ኩላሊት፣ ለመቅኔ፣ ለፊኛ የሚደርሰው መጠን ይሰላል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ሲወጉ ደግሞ በተደጋጋሚ ፎቶ እየተነሱ ስሌቱ ይታረማል።

በጋሊየም 68 የሚደረጉ የፔት ምርመራዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊሲቨርት (በሰውነት ላይ የሚደርስ ጨረር መለኪያ) ያደርሳሉ። ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። በዚህ መጠን በ40 አይጦች ላይ የጨረር ጉዳት መፈለግ ምንም ላያሳይ እንስሳ መጨረስ ነው።

ስለ ምርመራ መድኃኒት ብቻ ነው የማወራው። ለሕክምና የሚሰጡት ሌላ ዓለም ናቸው።

ጮቄ
ኬሚስት ነኝ። ጣና ያለችው ትክክል ነው፤ ግን ‹ተራውን ቅጂ እናስገባለን› ማለት ቴክኔሺየም ላይ አይሠራም። ቴክኔሺየም ጨረር የማያመነጭ ቅጂ የለውም፤ አንድም! በዓለም ላይ በኑክሌር ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ቴክኔሺየም 99ኤም ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ጨረሩን ሲጨርስ ወደ ቴክኔሺየም 99 ይለወጣል፤ የዚህ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 211,000 ዓመት ነው። አዝግሞ ስለሚፈርስ ጨረሩ ደካማ ነው፤ ስለዚህ የመርዛማነት ጥናት የሚሠራ ሰው ወይ ይህን ይወስዳል፣ ወይ የቅርብ ዘመዱን ሬኒየምን ይተካል፣ ወይ ጨርሶ እንዲፈርስ የተተወ ብልቃጥ ይጠቀማል። ሬኒየም ዘመድ ነው እንጂ መንትያ አይደለም፤ ከቴክኔሺየም ይልቅ በቀላሉ ኦክሳይድ ይሆናል። ወረቀት ላይ «ሬኒየም ቅጂ» የሚል ሳይ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ አነባለሁ።

ሌላም አለ። ብልቃጡ ውስጥ ካሉት ሞለኪውሎች ጨረር አመንጪውን አይሶቶፕ የተሸከሙት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ባዶ መያዣ ናቸው። ባዶ መያዣ ብረት ይወዳል። ዲቲፒኤ የተባለው ብረት ያዥ ውህድ በካልሲየም ጨውነቱ በብዛት ሲሰጥ የሰውነትን ዚንክ ጠርጎ እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። በማይክሮግራም ይህ አያሳስብም፤ ግን የመርዛማነት ጥናቱ ባዶውንም ያካተተ መሆን አለበት። ጥሩ ጥናት የሚፈትነው ለታማሚው የሚሰጠውን ድብልቅ እንዳለ ነው።

እንጦጦ
በዋሽንግተን አካባቢ የኑክሌር ፋርማሲ ባለሙያ ነኝ፤ ሌሊት እንነሣና ጎህ ሳይቀድ መርፌዎቹን ወደ ሆስፒታል እንልካለን። ከጣናና ከጮቄ ጋር ባልጣላም፣ ስለ መርዛማነት ስታወሩ የእኔን የዕለት ጭንቀት ስለዘለላችሁት ልጨምር።

ፍሎራይን 18 የተለጠፈበት የፔት ስኳር ሲሠራ ፍሎራይኑን ከፖታሺየም ለመለየት ክሪፕቶፊክስ የሚባል ኬሚካል ይገባል። መርዛማ ነው። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መስፈርት መጽሐፍ) በአንድ ሚሊሊትር ከ50 ማይክሮግራም በላይ አይፈቅድም። እኛ የምናየው በአዮዶፕላቲኔት በተነከረ ሳህን ላይ ጠብታ አድርገን ከመስፈርቱ ጠብታ ጋር ቀለሙን በማነጻጸር ነው። ከባለ 1000 እጥፍ የአይጥ ጥናት ይልቅ ታማሚውን በየቀኑ የሚጠብቀው ይህ ጠብታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ የባክቴሪያ መርዝ አለ፤ ኢንዶቶክሲን። ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ ይቀራል፤ ደም ውስጥ ከገባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ድሮ የሚፈተሸው ጥንቸል ተወግታ ሙቀቷ ለሰዓታት እየተለካ ነበር። 6 ሰዓት ብቻ ግማሽ ዕድሜ ላለው መድኃኒት ጥንቸሏን መጠበቅ ማለት መድኃኒቱ ሲሞት ማየት ነው። መፍትሔው ከሆርስሹ ሸርጣን ደም መጣ። ደሙ ኢንዶቶክሲን ሲነካው ይረጋል፤ ይህን ፍሬድሪክ ባንግና ጃክ ሌቪን ናቸው ያገኙት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ጄምስ ኩፐር ከሌቪንና ከሄንሪ ዋግነር ጋር ይህን ለጨረር አመንጪ መድኃኒቶች መፈተሻ አደረጉት። ያን ጊዜ በጀርባ አጥንት ፈሳሽ ውስጥ የሚወጉ የምርመራ ውህዶች ማጅራት ገትር የሚመስል ሕመም ያስነሡ ነበር፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ይኸው ኢንዶቶክሲን ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በደም ሥር ለሚሰጠው መድኃኒት በአንድ ውጋት እስከ 175 ዩኒት ይፈቀዳል፤ በጀርባ አጥንት ለሚሰጠው ግን 14 ብቻ። መላው የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ዛሬ የሚጠቀምበትን ፍተሻ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ የእኛ ትንሽ ክፍል ችኮላ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የሚገርማችሁ ግን ባክቴሪያው ራሱ የሌለ መሆኑን የሚያሳየው የማምከን ምርመራ 14 ቀን ይወስዳል። ውጤቱ ሲመጣ ታማሚው ተወግቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቤቱ ገብቶ ቆይቷል።

ዝዋይ
ይህን ሁሉ አንብቤ አልተረጋጋሁም። የቶሪየም ዳይኦክሳይድን ታሪክ ታውቁታላችሁ? ቶሮትራስት በሚል ስም እስከ 1950ዎቹ ድረስ ለራጅ ማጉያ ተብሎ በሰው ደም ሥር ተወጋ። ያን ጊዜም ‹ወዲያው የሚታይ ጉዳት የለውም› ተብሎ ነበር። ከ20ና ከ30 ዓመት በኋላ የጉበት ካንሰር መጣ። ሁለት ሳምንት አይጥ መጠበቅ ከዚያ በምን ይሻላል?

ጣና
በምን እንደሚሻል እነግርሃለሁ። የቶሪየም 232 ግማሽ ዕድሜ 14 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ገብቶ አልወጣም፤ ሰውየው እስኪሞት አልፋ ጨረር ሲተፋ ኖረ። ዛሬ የስርጭት ጥናት የግድ የሆነው ‹ገብቶ የማይወጣው የት ነው› የሚለውን አስቀድሞ ለመያዝ ነው። ጋሊየም 68 በማግስቱ ፈጽሞ አይኖርም ማለት ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርሃትን እንጂ ጥንቃቄን አያበዛም።

ነገር ግን ለዝዋይ መከራከሪያ የሚሆን የተሻለ ምሳሌ እሰጣለሁ። ኒውትሮስፔክ የሚባል መድኃኒት ነበር፤ ቴክኔሺየም 99ኤም የተለጠፈበት ፀረ እንግዳ አካል፤ የትርፍ አንጀት ብግነትን ለመለየት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በ2004 አጸደቀው። በታኅሣሥ 2005 ከገበያ ወጣ፤ ከተወጉ በኋላ ወዲያው ልብና ሳንባቸው ተጎድቶ የሞቱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የገደላቸው ጨረሩ አልነበረም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ነበር። መጠኑም ከሚሊግራም በታች። ‹ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም› የሚለው አባባል ለትንንሽ ሞለኪውሎች እንጂ የሰውነትን መከላከያ ለሚነካ ፕሮቲን አይሠራም። ይህን የአይጥ ጥናት ሊነግረን አይችልም፤ የአይጥ መከላከያ የሰው አይደለምና።

እንጦጦ
በዚህ እስማማለሁ። ስለ ጨረር የሚጨነቁ ሰዎች በኒውትሮስፔክ ጊዜ ዓይናቸው በተሳሳተ ቦታ ነበር።

ሰሜን
ጀርመን ውስጥ በኑክሌር ሕክምና ክፍል ሐኪም ነኝ። ስለ ሕክምናው ወገን ማንም ስላልገባበት እኔ ልግባ፤ የወንድም ጉና አባትም ነገ ወደዚያው ሊሄዱ ይችላሉ።

ለሕክምና ከሚውሉት ጨረር አመንጪዎች አንዱ ሉቴሺየም 177 ነው፤ በአንድ ጊዜ 7.4 ጊጋቤክረል (7400 ሜጋቤክረል) ይሰጣል። ሉቴሺየሙ ቢመዘን 2 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ በክብደት አሁንም ኢምንት። ጨረሩ ግን ሆን ተብሎ ሊገድል የተላከ ነው። እዚህ ላይ የሁለት ሳምንት ክትትል ምንም አይነግርም፤ የጨረር ጉዳት ኩላሊት ላይ የሚታየው ከወራት፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ነው። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ዘግይቶ ለሚመጣ ጉዳት እንስሳቱ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲጠበቁ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዜል ላይ በይትሪየም 90 የተጀመረው ሕክምና ኩላሊት ያበላሸባቸው ታማሚዎች ነበሩት። ከዚያ ተምረን ዛሬ ሉቴሺየም ዶታቴት የተባለውን መድኃኒት ስንሰጥ ላይሲንና አርጂኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶችን በደም ሥር ለአራት ሰዓት እናፈሳለን፤ ኩላሊቱ መድኃኒቱን መልሶ እንዳይመጥ ያግዱታል። ታማሚው ያስመልሰዋል፤ ብዙዎቹ የሚያማርሩት ሉቴሺየሙን ሳይሆን አሚኖ አሲዱን ነው። መቅኔም አለ፤ ከመቶ ሁለት ሰው ገደማ ከጊዜ በኋላ የመቅኔ በሽታ ይይዘዋል።

አሁን ጣና ያነሣችውን የአይጥ ነገር ልግፋበት። በፕሮስቴት ካንሰር ላይ የሚሠራው ሉቴሺየም ፒኤስኤምኤ 617 እዚህ ሃይደልበርግ በጀርመን የካንሰር ምርምር ማዕከል የተፈጠረ ነው። መድኃኒቱ የሰው ምራቅ ዕጢ ውስጥ በብዛት ይገባል። በአይጥ ምራቅ ዕጢ ግን ብዙም አይገባም። ቪዥን በተባለው ትልቅ ሙከራ ከመቶ 39 ያህሉ አፋቸው ደርቋል። አልፋ ጨረር የሚያወጣው አክቲኒየም 225 ሲለጠፍበትማ አንዳንዶች ሕክምናውን እስከ ማቆም ደርሰዋል። ስለ ደረቅ አፍ የነገሩን ታማሚዎቹ ናቸው።

ራዲየም 223ንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጸደቀ፤ ብቻውን ሲሰጥ ይታገሡታል። አቢራቴሮን ከተባለው የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት ጋር አብሮ ሲሰጥ ግን አጥንት ተሰበረ፦ ከመቶ 29 ገደማ፣ ራዲየሙን ካላገኙት ደግሞ 11 ገደማ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2018 ሁለቱ አብረው እንዳይሰጡ ከለከለ። ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ ሲሆን የሚመጣውን ጉዳት በየግል የተደረገ ፈተና አያሳይም።

ዝዋይ
ዶክተር፣ አሁን ገና የምፈልገውን ሰማሁ። እንግዲህ የአይጡ ፈተና ለምን ይጠቅማል?

ሰሜን
ሰው ከመወጋቱ በፊት ግልጽ የሆነውን አደጋ ለማስወገድ ነው። ከዚያ በላይ ከጠበቅንበት እኛ እንሳሳታለን። በ1000 እጥፍ የተወጋ አይጥ ወዲያው ከሞተ ያ ውህድ ወደ ሰው አይቀርብም፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፍንጭ
እኔ አዲስ አበባ በኑክሌር ሕክምና ክፍል የምሠራ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ሁላችሁም ስለ አዲስ ውህድ ታወራላችሁ፤ እኛ የምንሠራው ለአሥርት ዓመታት በታወቁት ነው፦ ለእንቅርት ቴክኔሺየምና አዮዲን 131፣ ለአጥንት ኤምዲፒ የተባለ ውህድ። ቴክኔሺየም የሚወጣበት ጄነሬተር በአውሮፕላን ይመጣል፤ ውስጡ ያለው ሞሊብዴነም 99 ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ስለሆነ በረራ ሲዘገይ ጨረሩ መንገድ ላይ ያልቃል። እንዲህ ያሉ የቆዩ ውህዶች አገር በገቡ ቁጥር የመርዛማነት ፈተና ይደገምባቸዋል ወይ ብለው የሚጠይቁን ታማሚዎች አሉ። ምን ልበላቸው?

እንጦጦ
አይደገምም በላቸው፤ በየትኛውም አገር አይደገምም። ውህዱ አንዴ ታውቋል። የሚደገመው የዕለቱ ብልቃጥ ፍተሻ ነው፤ አንተም በየጠዋቱ የምትሠራው እርሱን ነው። ሞሊብዴነሙ አብሮ ከወጣ ታማሚው ያለ ጥቅም ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሚሊኪዩሪ ቴክኔሺየም ከ0.15 ማይክሮኪዩሪ መብለጥ የለበትም። ከጄነሬተሩ ዓምድ የሚፈልቀው አልሙኒየም ደግሞ በሚሊሊትር ከ10 ማይክሮግራም ከበለጠ ሰልፈር ኮሎይድ የተባለውን የጉበት ምርመራ ውህድ ያረጋውና ጉበት መሄድ የነበረበት ሳንባ ላይ ይቀራል። ታማሚው ምንም አይሰማውም፤ ምስሉ ግን ይዋሻል፤ ሐኪሙም በዚያ ውሸት ይወስናል።

ጮቄ
በቅዳሜና እሑድ ያልታለበ (ቴክኔሺየሙ ያልተወሰደለት) ጄነሬተር ሰኞ ጠዋት ቴክኔሺየም 99 ሞልቶበት እንደሚወጣም ንገራቸው። እርሱ ደግሞ ቦታውን ይሻማና ውህዱ በደንብ አይለጠፍም።

ጉና
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅጹን መልሼ አየሁት፤ ‹ማይክሮዶዝ› የሚል ቃል አገኘሁ፤ ውህዱም ትንሽ ሞለኪውል እንጂ ፀረ እንግዳ አካል አይደለም። ግን ጥናቱ ሁለት ምርመራ አለው፤ አንዱ አሁን፣ ሌላው ከሦስት ወር በኋላ። ‹አንድ ጊዜ ተወግቶ› የተባለው የአይጥ ጥናት ሁለቱንም ይሸፍናል?

ጣና
ጥሩ ዓይን አለህ። መመሪያው ሁለት በር አለው። የመጀመሪያው በር ጠቅላላውን ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ሁለቱም ውጋት ተደምሮ ከ100 ማይክሮግራም ካልበለጠ የአንድ ጊዜው ጥናት ይበቃል። እያንዳንዱ ውጋት እስከ 100 ማይክሮግራም ከሆነ፣ በጠቅላላው ከ500 ካልዘለለና በመካከላቸው የቀደመው ከሰውነት ተጠርጎ ከወጣ ግን ሁለተኛው በር ነው፤ ያኔ አይጦቹ ለሰባት ቀን በየቀኑ ሊወጉ ይገባል። የጥናቱን አስተባባሪ እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ በአንድ ውጋት ያለው የውህዱ ጠቅላላ ክብደት፣ ባዶውን መያዣ ጨምሮ፣ ስንት ማይክሮግራም ነው? ቁጥሩን በጽሑፍ ይስጡህ። ሜጋቤክረሉን ከነገሩህ የጠየቅኸውን አልመለሱልህም፤ እርሱ የጨረሩ መጠን ነውና።